የክትባት ሪፖርታችን 109 በመቶ ይላል፤ ኩፍኝ ግን ገብቶብናል። የዓመቱን ዕቅድ በምን ላይ ላቁመው?

ጥያቄ፦ ቦርከና ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ቤት ለቤት ስዞር አምስት ዓመት ቆየሁ፤ አሁን የስድስት ባለሙያዎች ሱፐርቫይዘር ነኝ። ጽሑፌ ይረዝማል። ቡና ካለ ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ገባ፤ ከሐምሌ 1 የሚጀምር ዕቅድ ይፈለጋል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራን። አንድ ኃላፊ ተነሡና «የአምናውን አውጡ፤ በየመስመሩ አምስት አምስት በመቶ ጨምሩ፤ እስከ ዓርብ አስገቡ» አሉን። አለቀ። ስብሰባው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተበተነ።

እኔም ላፕቶፑን ከፍቼ የአምናውን አወጣሁ። ፔንታ 3 (የአምስት በአንዱ ክትባት ሦስተኛ ዙር)፦ 109 በመቶ። አምስት ስጨምርበት 114 ሆነ። ልጆቹን ከየት ላምጣ? የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ከደሴ ልበደር? ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። በዚያው ሰሞን አንድ ሰፈር ውስጥ ትኩሳትና ሽፍታ ያለባቸው ልጆች ተገኙ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። በአንድ ወር ውስጥ ባንድ አካባቢ አምስት ተጠርጣሪ ከተገኘ ወረርሽኝ ብለን እንይዘዋለን። ናሙና ተላከ። ሦስቱ ኩፍኝ ሆነው መጡ።

አንዱን ልጅ ሄጄ አየሁት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግቢው ውስጥ በሁለት ረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አሉ፤ የነሱ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችው ናት። መስኮቱን በነጠላ ጋርደውታል፤ ብርሃን ዓይኑን ስለሚያመው። እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው። ካርዱን ጠየቅኳት። ከፍራሹ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከኪራይ ውሉ ጋር ነበር። ንብረቷ ሁሉ እዚያች ፌስታል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳው) አለ። ፔንታ 1፣ 2፣ 3 አለ። ኩፍኝ ላይ ባዶ ነው።

«ለምን አላስከተብሽውም?» አልኳት። አጠያየቄ ራሱ የፖሊስ ነበር፤ በኋላ አፈርኩ።

«ሁለት ጊዜ መጣሁ» አለችኝ። «ልጅ አልሞላም፤ ሐሙስ ተመለሺ አሉኝ። ሐሙስ ሥራ ነኝ።»

ምንም አላልኩም። ምን እላለሁ? መልሰው የላኳት የኛው ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ። 109 በመቶ የሚል ወረቀትና ይህ ልጅ ባንድ ከተማ እንዴት ይኖራሉ? እኔስ ዕቅዱን በምን ላይ ላቁመው? የጥናት በጀት የለኝም። አጥኚም አይመጣልኝም። የቤተሰብ ማህደራችን በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ተበታትኗል። አንዱን ገጽ ሱቅ ውስጥ ስኳር ተጠቅልሎበት አግኝቼዋለሁ። ታብሌቶቹ ከመጡ በኋላ እንደገና መመዝገብ ጀምረናል፤ ግን ተከራይ በየሦስት ወሩ ይለዋወጣል። የመዘገብኩት ይሄዳል፣ ያልመዘገብኩት ይመጣል።

«መረጃን መሠረት ያደረገ ዕቅድ» የሚለውን ሥልጠና ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ። ሰርተፊኬቱም አለኝ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ከየት ልጀምር የሚለውን ግን ማንም አልነገረኝም።

መልስ፦ ታሊ ሺት

ደሴ ነኝ። ዕድሜዬን ከሪፖርት ጋር የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ድሮ በወረቀት፣ አሁን ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው የኮምፒውተር ሪፖርት ሥርዓት።

109 ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ከላይ የተከተቡት ልጆች አሉ፤ ከታች «የሚጠበቁ ሕፃናት» የሚለው አለ። የታችኛው ቁጥር ሰው ሄዶ የቆጠረው አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዕድገት መጠን እየተባዛ ነው የሚመጣልሽ። ከዚያ ላይ ሕፃናቱን ለማግኘት የክልሉ ማባዣ ይገባበታል። አንድ ማባዣ፣ ለገጠሩም ለከተማውም። የኮምቦልቻ ሴት እንደ ገጠሯ ብዙ አትወልድም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ስንት ወጣት ሴት ከየገጠሩ ገብታለች? እሷን ያኔ የተቆጠረው ቁጥር አያውቃትም። ስለዚህ ሊያንስም ይችላል። ወደየትኛው እንደሚያደላ እኔም አንቺም ቢሮ ተቀምጠን አናውቀውም።

የላይኛውም ቢሆን ጣጣ አለበት። ከተማሽን ዙሪያውን ቃሉ ወረዳ ነው የከበበው። የቃሉ እናት ገበያ ስትመጣ ልጇን አዝላ መጥታ አንቺ ጋ ታስከትባለች። መልካም ነው፤ አትመልሻትም። ግን እሷ ያንቺ 109 ውስጥ ገባች፤ በወረዳዋ ዕቅድ ላይ ግን የጠፋች ናት። አንቺ ትሸለሚያለሽ፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ይገመገማል። ሁለታችሁም ምንም አላደረጋችሁም።

አንድ ሌላ ነገር። 109 ያልሽው የፔንታ ነው። የታመመው ልጅ ፔንታውን ጨርሷል፤ ራስሽ ጽፈሽዋል። ለኩፍኝ የኩፍኝን መስመር ነው ማየት። እሱ ስንት ይላል? አልጻፍሽም።

ሰኞ ጠዋት ምን ላድርግ ላልሽው፦ በመቶኛውን ለጊዜው ተይው። መዝገቡን አውጪ። ፔንታ 1 የወሰዱትን ቁጠሪ፤ ከነሱ ውስጥ የ9 ወሩን ኩፍኝ የወሰዱትን ቁጠሪ። ፔንታ 1 የወሰዱት 200፣ ኩፍኝ የወሰዱት 170 ቢሆኑ 30 ልጅ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ያ 15 በመቶ ማቋረጥ ነው። ከ10 ካለፈ ችግሩ ልጆቹ አለመምጣታቸው ሳይሆን መጥተው አለመመለሳቸው ነው ማለት ነው። ውበቱ ደግሞ የሕዝብ ቁጥር የሚባል ነገር አያስፈልግሽም። ሁለቱም ቁጥሮች ካንቺው መዝገብ ናቸው። ከዜሮ በታች ከመጣብሽ፣ ማለትም የጨረሱት ከጀመሩት ከበለጡ፣ ወይ ልጅ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው፣ ወይ አንዱ ሰው ታሊ ሺት (የተከተበ ልጅ በጭረት የሚቆጠርበት ወረቀት) ላይ እጁ አልፎበታል።

የመቁጠሩን ነገር ለሌላ ሰው አትስጪ። የአንድ ወር መዝገብ፣ ታሊ ሺትና የተላከውን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ራስሽ ቁጠሪ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ዕቅድ የሚባለው ነገር ገና ነው። እኔ አንድ ጊዜ ስቆጥር የሐምሌ ሪፖርት የሰኔው ግልባጭ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀኑ ብቻ ነበር የተቀየረው።

መልስ፦ እውነቱን ልናገር

እህቴ፣ ሁሉም ጥሩ ብሏል፤ እኔ ግን የምመክርሽ 114ቱን ጽፈሽ አርፈሽ እንድትቀመጪ ነው። እኔ አንድ ዓመት ቁጥሬን በሐቅ 81 ብዬ አቀረብኩ። ጎረቤቴ 103 አቀረበ። በግምገማው ቀን ማን ቆሞ እንደተወቀሰ ገምቺ። የሱ ሰፈር ከኔ የተሻለ ሆኖ አይደለም። ሐቅ የሚባለው ነገር አበል የለውም።

መልስ፦ ታሊ ሺት

@እውነቱን ልናገር፦ ያልከው ደርሶብኛል፤ አልክድም። ግን 81 ብለህ ብቻህን ስትቆም ደካማ ትባላለህ። «ጀምረው ያቋረጡት 30 ልጆች ናቸው፣ የሚኖሩት እዚህ ሰፈር ነው፣ ስማቸው ይኸው» ብለህ ስትቆም ግን የሚወቅስህ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል? በመቶኛ ይከራከሩበታል። የልጅ ስም ላይ አንድም ሰው ሲከራከር አላየሁም።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ሣጥን

የክትባት ክፍል ነርስ ነኝ። የት እንደሆነ ይቅር። «ልጅ አልሞላም» የሚለውን ቃል እኔም ብዬዋለሁ፤ ስለዚህ እኔ ልመልስ።

ለማያውቁት፦ የኩፍኝ ክትባት የሚመጣው በዱቄት ነው፤ የኛ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው። ከማሟሟቱ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ይጣላል፤ ለነገ ማሳደር የለም፤ ያደረ ክትባት ልጅ ሊገድል ይችላል። ፔንታ እንዲህ አይደለም፤ ፈሳሽ ስለሆነ በደንቡ ከተያዘ ከተከፈተም በኋላ እስከ 28 ቀን ይቆያል። ልጁ ፔንታውን ጨርሶ ኩፍኙን ያልወሰደው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ለፔንታ ማንም አይመለስም። ለኩፍኝ ግን ሦስት ልጅ ከመጣ «ሰባት ዶዝ ልጥል ነው?» ብዬ እጄ ይያዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ ልጅም ቢመጣ ክፈቱ ነው። አውቀዋለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። ግን ስሙኝ። በወሩ መጨረሻ የባከነ ክትባት የሚሞላበት ሳጥን ሪፖርቱ ላይ አለ። ብዙ ከጻፍኩ እጠየቃለሁ። መልሼ የላክኩት ልጅ የሚጻፍበት ሳጥን ግን የለም። ስለሱ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው የሚጠየቅበትን ነው የሚጠብቀው፤ እኔም ሰው ነኝ።

አምና አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ፤ በራሴ ሳንቲም። የመለስኩትን ልጅ ስም፣ የእናቱን ስልክ፣ ቀኑን እጽፋለሁ። ወሩ ሲያልቅ ቆጠርኩት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። በማግስቱ ግን ሁለት ልጅ ሲመጣ ብልቃጡን ከፈትኩ።

ሌላም አለ። በ9 ወር የተሰጠ ኩፍኝ ከመቶ ልጅ ወደ 85ቱን ነው የሚይዘው። ለዚህ ነው በ2011 በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የተጨመረው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘራችን፣ 9 ወሩ ላይ እውነተኛ መቶ በመቶ ብታመጪ እንኳ ከመቶው 15 ያህሉ ሜዳ ላይ ናቸው። ሁለተኛውን መስመር እይው። የኛ አገር እናት በ9 ወር ሰርተፊኬት ወስዳ «ጨረሰ» ብላ ነው የምትሄደው። «ጨረሰ» የሚለውንም ያስተማርናት እኛው ነን።

መልስ፦ ሺፍት ቢ

ሰላም። እኔ ጤና ባለሙያ አይደለሁም። ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው። እህቴ ሊንኩን ልካልኝ ነው ያነበብኩት።

ክትባት በእኛ በኩል ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት። እኔ በአንድ ሰዓት መስመር ላይ መቆም አለብኝ። አንድ ቀን ከቀረሁ የወሩ የመገኘት ጉርሻ ይቀራል። እሱ ደግሞ የቤት ኪራዩ ግማሽ ነው። ሁለት ቀን ቀርቼ ከተመለስኩ ምን እንደሚሰማኝ አስቡት። ልጄን የምትይዝልኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ 12 ዓመቷ ነው። እሷን ካርድ አስይዤ ልልካት እችላለሁ፤ ግን «እናቱን ጥሪ» ይሏታል።

ቤት ለቤት የሚመጡትን እህቶች አመሰግናለሁ። ግን የሚመጡት በሥራ ሰዓት ነው። በሩ ተዘግቶ ያገኙታል። እኛ «ቤት ያልተገኙ» ነን።

መልስ፦ የድሬሰሩ ልጅ

ልጆቼ፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሳኒተሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ነኝ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። አባቴ ድሬሰር፣ የድሮው ጤና ረዳት፣ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ነጭ ካፖርቱን እንኳ እናቴ ቀብር ድረስ ሳትሰጥ አቆይታዋለች።

ቦርከና ማዶ፣ ልጄ፣ «አጥኚ አይመጣልኝም» ያልሽውን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። በ1963 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር እሱ ወሎ ውስጥ በበቅሎ ይዞር ነበር። አገሩ ተራራ፣ መንገድ የለ፤ ሰዉን ሁሉ ፈልጎ መክተብ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሥራው በሽታውን መፈለግ ሆነ። በኪሱ አንድ ካርድ ነበረው፤ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶ ያለበት። ገበያ መሐል ይቆማል። «እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ አለ?» ይላል። ትምህርት ቤት ሲያገኝ ደግሞ ሳያይ አያልፍም። ትልልቆቹ ይደብቃሉ፤ ሕፃን ግን «እነ እንትና ቤት አለ» ብሎ እጁን ያወጣል። ከዚያ እዚያ ቤት፣ ከዚያ ዙሪያውን ይከትባል። አገራችን የመጨረሻው ሰው የተገኘው በ1968 ነሐሴ ነው፤ እሱም ኦጋዴን ውስጥ።

ልክ ነው፣ ኩፍኝ እንደ ፈንጣጣ አይደለም። ከፈንጣጣ በላይ ይጋባል፤ ከብቦ መያዝ ብቻ አይበቃውም። መጠየቁ ግን ያው መጠየቅ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማህበረሰብ ውይይት ስትጠሩ ማን ነው የሚመጣው? እኔ በዘመኔ ስጠራ የዕድር ዳኛው፣ ሼሁ፣ ቄሱ፣ የልማት ቡድን መሪዋ ይመጣሉ። ቡናው ይፈላል፤ ሁሉም ይመርቃል። የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሁሉም የቤት ባለቤቶች ናቸው። ተከራይ ዕድር አይገባም፤ ነገ ይሄዳላ። የልማት ቡድንም አትመራም። ስለዚህ «የማህበረሰቡ ፍላጎት» ብላችሁ የምትጽፉት የአከራዮችን ፍላጎት ነው። ይህን እኔ ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሁለት ክፍል አከራይቼ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ላሉት ልጆች ካርድ አላቸው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሳኒተሪያኑ እኔ!

አከራዮቹን ጠይቂ። ስንት ክፍል፣ ስንት ሕፃን። ኪራይ የሚሰበስብ ሰው ግቢውን በደንብ ያውቀዋል፤ ምናልባት ከማህደራችሁ ይሻላል።

(ስለ 5 በመቶው ጭማሪ ደግሞ አንድ ላውጋችሁ። አንድ ጊዜ ከቆላ የመጣ ዕቅድ ተገልብጦ የደጋ ቀበሌ ላይ ደረሰን። የአልጋ አጎበር ሥርጭት አለበት። ከጦሳ ተራራ ጋር የሚተካከል ከፍታ ላይ! ወባ ሳይሆን ብርዱ ነው የሚገድለን። ማንም አላነበበውም። ማህተም ግን ነበረው።)

መልስ፦ ቦርከና ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር። ሥራ ይዤ ነው።

መጀመሪያ መዝገብ ቆጠርኩ። ታሊ ሺት፣ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የኩፍኙን መስመር ሳላይ 109 ላይ ተጣብቄ ነበር። ፔንታ 1 ጀምረው ኩፍኝ ላይ የጠፉት ከ10 በመቶ በላይ ናቸው። የሁለተኛው ኩፍኝ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሦስቱን ወረቀቶች ሳመሳክር አንድ ወር ላይ አልገጠሙም። የኔ ፊርማ ነው ያለበት።

ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ከባለሙያዎቼ ሁለቱን ይዤ ወጣሁ። ቅዳሜ የመረጥኩት ሺፍት ቢ «ቤት ያልተገኙ ነን» ስላለችን ነው። ልጁ የታመመበት ሰፈር ሄድን። በር አላንኳኳንም፤ መጀመሪያ አከራዮቹን ነው ያነጋገርነው። አባባ የድሬሰሩ ልጅ፣ ምክርዎ ሠርቷል። አንዷ እትዬ ክፍሎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «ይቺ ሁለት ልጅ፣ ይቺ ነፍሰ ጡር፣ ይቺ አምና መጥታ ልጇን ለእናቷ ልካለች» ብለው ሙሉውን ነገሩን። ታብሌቴ ላይ ያ ግቢ አንድ ቤተሰብ ተብሎ ነበር የተመዘገበው። የእሳቸው።

14 ግቢ አየን። 15 ወር ያለፋቸው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው 22 ልጆች አገኘን። ሁለቱንም ኩፍኝ የወሰዱ 7። አንዱን ብቻ የወሰዱ 6። ምንም ያልወሰዱ 9።

ዘጠኙን አንድ በአንድ ጠየቅን። የአራቱ እናቶች መጥተው የተመለሱ ናቸው። ሦስቱ በሺፍት ምክንያት መጥተው አያውቁም። ሁለቱ በቅርቡ ከቃሉ ገጠር የገቡ ናቸው፤ «እዚያ ጀምሬያለሁ፤ እዚህ ይቀበሉኛል ብዬ አላሰብኩም» ነው ያሉት። ክትባት አልፈልግም ያለ አንድም ሰው የለም። አንድም! የአምናው ዕቅዳችን ላይ ስለ ክትባት የተያዘው ትልቁ ሥራ ግን «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ሞንታርቦ ተከራይተን በባጃጅ ለመዞር። የሚያውቁትን ነገር በጩኸት ልንነግራቸው።

መልስ፦ ታሊ ሺት

እሰይ! ግን ልቆጣጠርሽ። ሰፈሩን የመረጥሽው ኩፍኝ ስለገባበት ነው፤ ስለዚህ የባሰውን ነው ያየሽው። ከ22ቱ 9 አልተከተቡም ብለሽ የከተማው ቁጥር አድርገሽ እንዳታቀርቢ። አንድ ሰው ተነሥቶ ያፈርስሻል፤ ልክም ነው። «እዚህ ሰፈር ዘጠኝ ልጅ አለ፤ ያልመጡበት ምክንያት ይህ ነው» በይ። ለማነጻጸር ከፈለግሽ ደግሞ ኩፍኝ ያልገባበት ሌላ ሰፈር በዕጣ አውጪና ተመሳሳዩን ቁጠሪ።

መልስ፦ ቦርከና ማዶ

እሺ ጋሼ። ዕጣውን አወጣን፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንሄዳለን። የባለ ቤቶች ሰፈር ነው የወጣው፤ እናያለን።

ዕቅዱን አስገባሁ። 114ቱን አልጻፍኩም። የኩፍኝ መስመር ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስቀመጥኩ፦ አንድም ልጅ ቢመጣ ብልቃጥ ይከፈት፤ የተመለሰ ልጅ የሚጻፍበት ደብተር ይኑር (ቀዝቃዛ ሣጥን፣ ሰማያዊ ነው የገዛሁት)፤ በወር ሁለት ጊዜ ከሥራ ሰዓት ውጭ ክትባት ይሰጥ። የሞንታርቦውን ብር ለሦስተኛው አዛወርኩት።

ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይሄ ስንት በመቶ ነው?» አሉኝ።

«በመቶ አይደለም፤ ዘጠኝ ልጅ ነው» አልኳቸው። ስም ዝርዝሩን አስጠጋሁላቸው።

አነበቡት። ብዙ ቆዩበት። ከዚያ «ለሁለት ወር ይሞከር፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን የለም» ብለው ፈረሙ። አምስት በመቶውን ሌላው መስመር ላይ ሁሉ አስጨምረውኛል። የቤተሰብ ዕቅዱ፣ የሽንት ቤቱ፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉ፤ ሁሉም እንደ አምናው ከ5 በመቶ ጋር ሄዷል። ይኸው ነው ያገኘሁት። @እውነቱን ልናገር፣ አልተወቀስኩም፤ አልተመሰገንኩምም።

የመጀመሪያውን ቀን እሁድ ጠዋት ብለናል፤ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ እዚያው እትዬ ግቢ ውስጥ። ድንኳን ከዕድር እንዋሳለን። የክትባት ሣጥኑን በባጃጅ አመጣለሁ።

መልስ፦ ሺፍት ቢ

እህቴ እሁድ ጠዋት አታድርጉት። በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚለቀቀው እሁድ ጠዋት ነው። ሁሉም ጀሪካን ይዞ ቧንቧ ላይ ነው፤ የሳምንቱ ልብስም ያኔ ነው የሚታጠበው። ማንም አይመጣላችሁም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ቢሆን ሁላችንም ቤት ነን።

መልስ፦ ቦርከና ማዶ

ስምንት ተኩል አድርጌዋለሁ። የአንቺንም ልጅ ካርዱን ይዘሽ ነይ።